የረጅም ሰይፍ የጥናት ቡድን ማቋቋም፤ ከመጽሐፍ ምርጫ እስከ መጀመሪያው ብረት

በሁለት እጅ የሚያዘው የአውሮፓ ረጅም ሰይፍ በ17ኛው መቶ ዘመን ከአገልግሎት እየወጣ ሲሄድ መምህራኑም አብረው አለቁ። ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ የመጣው ትምህርት ተቋረጠ፤ ዛሬ «ሳይቋረጥ ተቀብዬዋለሁ» ሊል የሚችል የረጅም ሰይፍ መምህር የለም። የቀረው ብራና፣ ወረቀትና ሥዕል ነው። «ሄማ» በሚል ምህጻር የሚጠራው ታሪካዊ የአውሮፓ የፍልሚያ ጥበብ የሚጠናው እነዚያን ጽሑፎች አንብቦ፣ በአካል ሞክሮ፣ እንደገና ወደ ጽሑፉ በመመለስ ነው።

ስለዚህ የምትመሠርቱት ቡድን ሰይፍ ይዞ መጽሐፍ የሚያነብ ማኅበር ነው። ቡድን የሚፈርስበት መንገድ የታወቀ ነው። ሦስት መጽሐፍ በአንድ ጊዜ ይከፈታል፤ የፊት ማስክ ሳይገዛ የብረት ሰይፍ ይገዛል፤ በሁለተኛው ሳምንት ግጥሚያ ይጀመራል፤ የአንዱ ጣት ይሰበራል፤ ከዚያ ሰው አንድ በአንድ ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን ቅደም ተከተል ለመገልበጥ ነው።

አስቀድሞ አንድ ነገር አጣሩ። በለንደን፣ በበርሊን፣ በስቶክሆልም ወይም በዋሽንግተን ዙሪያ የምትኖሩ ከሆነ በአካባቢያችሁ ክለብ አለ። ክለብ ባለበት ከተማ መጀመሪያ ሄዳችሁ ስድስት ወር ተማሩ፤ ሰይፍ ከሰይፍ ሲገጥም እጅ ላይ የሚሰማውን ነገር በጽሑፍ ብቻ ማወቅ በጣም ይዘገያል። ክለብ በሌለበት፣ ወይም ያለው በሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ከሆነ፣ አራት ሰው ካላችሁ መጀመር ትችላላችሁ። ስድስት ቢሆን ይሻላል፤ ሁለት ሰው ቢቀር እንኳ ሁለት ጥንድ ይሠራል። ከስምንት በላይ ሆኖ መጀመር ግን አይመከርም፤ ልምድ የሌለው መሪ ከአራት ጥንድ በላይ በዓይኑ መጠበቅ አይችልም።

አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ዓመት

ለረጅም ሰይፍ ጀማሪ የሚሆኑ ሦስት ምንጮች አሉ። አንዱ ጣሊያናዊው ፊዮሬ ዴይ ሊቤሪ እ.ኤ.አ. በ1410 አካባቢ ያዘጋጀው ሥራ ነው፤ አራት ቅጂዎቹ ይታወቃሉ፣ ሥዕል ይበዛዋል፣ ጽሑፉ አጭር ነው፣ የሚጀምረውም ከባዶ እጅ ትግል ነው። ሁለተኛው ዮአኺም ማየር እ.ኤ.አ. በ1570 በስትራስቡርግ ያሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ነው። እንደ መማሪያ መጽሐፍ በሥርዓት የተደረደረ ነው፤ ሆኖም የረጅም ሰይፍ ክፍሉ በፍልሚያ ትምህርት ቤት ጨዋታ ላይ ያተኮረ ስለሆነ በጫፍ መውጋትን በአብዛኛው ይተዋል።

ሦስተኛው፣ ለጥናት ቡድን ከሁሉ የምንመክረው፣ የዮሐንስ ሊኽተናወር ትምህርት ነው። ሊኽተናወር የ14ኛው መቶ ዘመን ጀርመናዊ መምህር ነው፤ ትምህርቱን ለማንም እንዳይገለጥ በተሸፈነ ግጥም አሰፈረው። በ15ኛው መቶ ዘመን ሲግሙንድ ሪንጌክና ሌሎች እያንዳንዱን ስንኝ እያነሱ ፍቺውን ጻፉ። በአብነት ትምህርት ቤት ላለፈ ወይም አንድምታ ሲነበብ ለሰማ ሰው ይህ አሠራር ባዕድ አይደለም፤ ንባቡ አለ፣ ትርጓሜው ከሥሩ አለ፣ ተርጓሚዎቹም ሁልጊዜ አንድ አይናገሩም። አማርኛ ተናጋሪ አንባቢ ከብዙ አውሮፓውያን ጀማሪዎች ይልቅ ለዚህ ጽሑፍ ዝግጁ ነው ብለን እናምናለን።

በብዛት የሚታወቁት የሁሉም ጽሑፎች ግልባጭና የእንግሊዝኛ ትርጉም ዊክተናወር በተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል። ከቡድናችሁ አንድ ሰው እንግሊዝኛ በደንብ ማንበብ አለበት፤ ጀርመንኛ የሚያነብ ካለ ደግሞ ትልቅ ሀብት ነው፣ ትርጉም ያሳሳተውን ቃል ከግልባጩ ያርማል። ሁለት የተለያዩ ትርጉሞችን አትማችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የሚለያዩበት ቦታ ሁሉ መጠንቀቅ ያለባችሁ ቦታ ነው።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የራሳችሁን የቃላት ዝርዝር በአማርኛ ያዙ። አራቱ ዋና አቋሞች ለዚህ ደስ የሚሉ ናቸው። «በሬ» እጀታው ከራስ ጎን ከፍ ብሎ ጫፉ እንደ ቀንድ ወደ ባላጋራ ፊት የሚያመለክትበት ነው፤ «ማረሻ» እጆቹ ከዳሌ አጠገብ ሆነው ጫፉ ከታች ወደ ላይ ወደ ፊቱ የሚያነጣጥርበት ነው፤ «ሞኝ» ጫፉ ወደ መሬት የሚወርድበት፣ «ከጣሪያ» ደግሞ ሰይፉ በትከሻ ላይ ወይም ከራስ በላይ የሚነሣበት ነው። የሰይፉን ክፍሎችም እንዲሁ አንድ ስም ስጧቸው፦ ስለት፣ ገጽ፣ ጫፍ፣ መስቀለኛ (በእጀታውና በምላጩ መካከል ያለው አግዳሚ)፣ እጀታ፣ ጉልላት (በእጀታው መጨረሻ ያለው እብጠት)። ከመስቀለኛው እስከ ምላጩ መካከል ያለው «ጠንካራው»፣ ከመካከሉ እስከ ጫፉ ያለው «ደካማው» ይባላል። አንድ ሰው «ጎኑ» ሲል ሌላው «ስለቱ» የሚረዳ ከሆነ ግማሽ ምሽት በክርክር ያልፋል።

አንድን ስንኝ ወደ እንቅስቃሴ መመለስ

ይህ የጥናቱ እምብርት ስለሆነ በአንድ ምሳሌ ቀስ ብለን እንሂድበት። ከአምስቱ የሊኽተናወር ዋና ምቶች የመጀመሪያው «የቁጣ ምት» ነው። ግጥሙ በግርድፉ፦ «ከላይ ሲመታህ ባላጋራ፣ የቁጣ ምት ጫፉ ያስፈራራ» ይላል። የሪንጌክ ፍቺ ይህን ያብራራል። ባላጋራህ ከቀኙ ወደ ራስህ ከላይ ሲመታ፣ አንተም ከቀኝህ ሳትመክት በኃይል ከላይ ምታ፤ ሰይፎቹ ሲገጥሙ እርሱ ከላላ ጫፍህን ቀጥ አድርገህ ወደ ፊቱ ወይም ወደ ደረቱ ውጋ። ቀጣዩ ስንኝ ነገሩ ቢታወቅብህ የምታደርገውን ይናገራል፦ ሰይፉን አጠንክሮ ጫፍህን ወደ ጎን ቢገፋ፣ ሰይፍህን በእርሱ ምላጭ ላይ ወደ ላይ አውልቀህ በሌላው ጎን ራሱን ምታ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው ጽሑፉን ጮክ ብሎ ሁለት ጊዜ ያነባል። ማንም ሰይፍ ሳያነሣ በደብተር ላይ ስድስት ጥያቄ ይመለሳል፦ ማን ይጀምራል? ከየትኛው ጎን? ዒላማው ምንድን ነው? የትኛው እግር ይራመዳል? ሰይፎቹ በየትኛው ክፍላቸው ይገጥማሉ? ከዚያ ምን ዓይነት ግፊት ይሰማል? ጽሑፉ የማይመልሰውን ጥያቄ ባዶ ተዉት፤ ከራሳችሁ አትሙሉት። በእርግጥ ፍቺው በሌላ ቦታ ቀኝ እጅ ሰው ከቀኙ ሲመታ በቀኝ እግሩ ይራመድ የሚል አጠቃላይ ሕግ ስላለው፣ እዚህ የእግሩ ጥያቄ ከዚያ ይመለሳል። ባዶ የሆነው ቦታ ብዙ ጊዜ መልሱ ያው በዚያው መጽሐፍ ሌላ ገጽ ላይ ነው።

ከዚያ ጥንዶቹ በጣም በዝግታ፣ ያለ እርምጃ፣ ከመጋጠሚያው ቦታ ጀምረው ወደ ኋላ ይሠሩታል። መጀመሪያ ሰይፎቹ ተገናኝተው ይቆማሉ፤ ጫፉ ወደ ፊት ያነጣጥራል ወይ? ካላነጣጠረ አንግሉ ተሳስቷል። ቀጥሎ ምቱ ይጨመራል፣ በመጨረሻ እርምጃው። አሥር ጊዜ አንዱ፣ አሥር ጊዜ ሌላው፤ ከዚያ ጥንድ ይቀየራል።

የሚበላሸው በአብዛኛው ከአጥቂው በኩል ነው። ባልደረባውን ላለመጉዳት ሲል ምቱን አየር ላይ፣ አንድ ክንድ ያህል አሳጥሮ ይተወዋል። ያኔ ተከላካዩ ዝም ብሎ ቢቆም እንኳ አይመታም ነበር፤ ስለዚህ የሠራው መልስ ሁሉ ሐሰት ነው። ማስተካከያው ቀላል ነው፦ በማስክ፣ በዝግታ፣ ተከላካዩ ምንም ሳያደርግ አጥቂው የማስኩን ጎን በእርጋታ ይንካ። ከነካ ርቀቱ ትክክል ነው፤ አሁን ተከላካዩ ይሥራ። ይህን ፈተና በእያንዳንዱ አዲስ ትምህርት መጀመሪያ ላይ አድርጉት።

ሁለተኛው ስህተት ተከላካዩ ሰይፉን ሲመታ ነው። የቁጣ ምት የሚሄደው ወደ ሰውየው ነው፤ ሰይፉ በመንገድ ላይ ስለሚገኝ ይገጥማል። ሰይፍ ብቻ የሚመታ ሰው ጫፉ ወደ ውጭ ያልፍበታል፣ ለመውጋትም ሩቅ ይሆናል። ሦስተኛው የእግር ነው፦ እግር ከእጅ ቀድሞ ከገባ አካሉ ያለ መከላከያ ርቀቱ ውስጥ ይገባል። እጅ ይጀምር፣ እግር ይከተል።

አራተኛው ረቂቅ ነው። መልሱ የሚወሰነው ባላጋራ «ጠብቋል» ወይስ «ላልቷል» በሚለው ነው፤ ልክ አንድ ቃል ጠብቆና ላልቶ ሲነበብ ፍቺው እንደሚለወጥ። ባልደረባው ግን ምን እንደሚመጣ ስለሚያውቅ አስቀድሞ ይወስናል። ለዚህ የሚሆን ልምምድ አለ፦ ሁለቱም ማስክ አድርገው ከተጋጠመ ሰይፍ ይጀምራሉ፣ ተማሪው ዓይኑን ይጨፍናል፣ ባልደረባው አንዳንዴ ይገፋል አንዳንዴ ይለቃል፣ ተማሪው በእጁ በሚሰማው ብቻ ይመልሳል። አምስት ደቂቃ በየሳምንቱ፣ ለሁለት ወር። ውጤቱ ይታያል።

ሁለት ሰዎች በፍቺው ካልተስማሙ አትጨቃጨቁ፤ ለእያንዳንዱ ስንኝ አንድ ገጽ የያዘ የቡድን ደብተር ይኑራችሁ፣ ሁለቱም ሐሳብ «አንድም… አንድም…» ተብሎ ይጻፍ። ከእያንዳንዱ ሥር ቀን፣ የሞከሩት ሰዎች፣ የሠራበትና ያልሠራበት ሁኔታ ይመዝገብ። ጽሑፉ የሚለውን በአንድ ቀለም፣ እናንተ የገመታችሁትን በሌላ ቀለም ጻፉ። ከአንድ ዓመት በኋላ የትኛው የመምህሩ፣ የትኛው የእናንተ እንደሆነ የምታውቁት በዚህ ብቻ ነው። ሥዕል ያለበትን ምንጭ ስትይዙ ደግሞ ሥዕሉ የአንድ ቅጽበት ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን የሚናገረው ጽሑፉ ነው።

ቦታና ሰዓት

ቁመቱ 1.75 ሜትር የሆነ ሰው ሰይፉን ወደ ላይ ሲያነሣ ጫፉ 3 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ጣሪያው ቢያንስ 3.5 ሜትር ይሁን፤ ተንጠልጣይ መብራትና መስታወት ያለበት አዳራሽ አይሆንም። አንድ ጥንድ 3 በ6 ሜትር ይፈልጋል፤ የመረብ ኳስ ሜዳ ግማሽ፣ ማለትም 9 በ9 ሜትር፣ ለሦስት ጥንድ ይበቃል። ጥንዶች ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ይቁሙ፤ ጀርባ ለጀርባ የቆሙ ጥንዶች ሰይፍ ወደ ኋላ ሲነሣ ይመታታሉ። ሜዳ ላይ ከሆነ መሬቱ ደልዳላ ይሁን፤ እርጥብ ሣር ላይ የጎን እርምጃ አትሥሩ። ሕዝብ በሚተላለፍበት መናፈሻ ውስጥ ከእንጨት ሰይፍ አትለፉ፣ አስተዳደሩንም አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት በቂ ነው፤ ቀኑና ሰዓቱ ግን አይነቃነቅ። 10 ደቂቃ ማሟሟቂያ፣ 15 ደቂቃ የእግር አካሄድ፣ 15 ደቂቃ ለየብቻ የሚሠራ ምት፣ 50 ደቂቃ የጽሑፍ ጥናት በጥንድ፣ 20 ደቂቃ የዝግታ ጨዋታ፣ 10 ደቂቃ ለደብተር። ደብተሩን «ቤት ሄጄ እጽፋለሁ» ማለት አይሠራም፤ ማንም አይጽፍም። ትምህርቱን የሚመሩት ሁለት ሰዎች ከቀኑ በፊት ለብቻቸው አንድ ሰዓት ተገናኝተው የሚጠናውን ክፍል ይሞክሩት።

ለመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ይህን ያህል ይበቃል። በሳምንት 1 እና 2 አያያዝ፣ አራቱ አቋሞች፣ እርምጃና ከላይ የሚወርድ ምት። ከ3 እስከ 6 የቁጣ ምት ከነተከታዮቹ። 7 እና 8 መጥበቅና መላላት ብቻ። ከ9 እስከ 11 «አግድም ምት»፦ በቀኝ እግር ወደ ቀኝ እየዘለሉ፣ እጀታውን ከራስ ፊት ከፍ አድርጎ፣ አውራ ጣትን ከሥር አስገብቶ፣ በአጭሩ ስለት (ወደ ያዡ በሚዞረው) የባላጋራን ግራ ራስ መምታት፤ ይህ «ከጣሪያ» የተባለውን አቋም የሚሰብር ነው። እዚህ ላይ እጅ ዝቅ ካለ የባላጋራ ሰይፍ ራስ ላይ ይወርዳል፤ መስቀለኛው ከግንባር በላይ መሆኑን እየቆማችሁ ፈትሹ። 12ኛው ሳምንት ክለሳ ነው። ቀርፋፋ ይመስላል፤ ነገር ግን አምስቱን ምት በአንድ ወር የጨረሰ ቡድን በሦስተኛው ወር አንዱንም በግጥሚያ አይጠቀምበትም።

መጀመሪያ ማስክ

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የሚያስፈልገው ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የእንጨት ሰይፍና አንድ የፌንሲንግ (የኦሎምፒክ የሰይፍ ስፖርት) ማስክ ነው። ከናይሎን የተሠራ ሰይፍም አለ፤ ርካሽና ዘላቂ ነው፣ ችግሩ ሁለት ናይሎኖች ሲገጥሙ መንሸራተታቸው ነው፤ በግፊት ስሜት ላይ የቆመውን ትምህርት ያበላሻል። እንጨት ለዚህ ይሻላል። እንጨት ግን ጫፉ ሲገባ አይተጣጠፍም፤ ስለዚህ በእንጨት ሰይፍ መውጋት በዝግታ ብቻ ነው፣ ይህ ሕግ አይጣስ።

የእንጨት ሰይፉን አናጢ ሊሠራላችሁ ይችላል። ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር፣ ከዚህ ውስጥ እጀታው ከ25 እስከ 28፤ መስቀለኛው ከ22 እስከ 25፤ የምላጩ ስፋት 4፣ ውፍረቱ ከመስቀለኛው አጠገብ 2፣ ወደ ጫፉ 1.5 ሴንቲ ሜትር። የእንጨቱ ጅማት ከእጀታ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ ይሂድ፣ ጉጥ አይኑረው፤ ጉጥ ያለበት ቦታ ላይ ይሰበራል። በአውሮፓና በአሜሪካ አሽና ሂከሪ የሚባሉት እንጨቶች ይመረጣሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚጀምር ወይራ ጠንካራና ለመያዝ የሚመች ነው፣ ክብደቱን ለመቀነስ ምላጩን ትንሽ ማሳሳት ያስፈልጋል፤ ባሕር ዛፍ ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ተዉት። ስለቱ በሁለቱም በኩል ይዶልዶም፣ በብርጭቆ ወረቀት ይለስልስ፣ በተልባ ዘይት ይቀባ። በየወሩ እጃችሁን በምላጩ ላይ አሳልፉ፤ ስንጥቅ ካገኛችሁ ያ ሰይፍ ከጥንድ ልምምድ ይውጣ።

ማስክ ላይ 350 ወይም 1600 ኒውተን የሚል ቁጥር ታያላችሁ። ይህ የአንገቱ ጨርቅ በጫፍ አለመበሳቱን የሚመለከት ነው፤ ከከባድ ምት የሚመጣ የአንጎል መናወጥን አይከለክልም። የፌንሲንግ ማስክ የተሠራው ከ770 ግራም ለማይበልጥ የኦሎምፒክ ሰይፍ ነው። ለልምምድ የሚሆነው «ፌደር» የተባለው ዱልዱም ረጅም ሰይፍ ከ1.3 እስከ 1.6 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ የማስኩ ጀርባም ክፍት ነው። ስለዚህ ብረት ከመያዛችሁ በፊት የኋላ ራስን የሚሸፍንና ምትን የሚያበርድ ተጨማሪ ሽፋን በማስኩ ላይ ይጨመር። ከእያንዳንዱ ስብሰባ በፊት ሽቦውን በአውራ ጣት ተጫኑት፤ የሚሰምጥ፣ የዛገ ወይም የታጠፈ ማስክ ወዲያው ይጣል፣ ለእንግዳ አይሰጥ።

ቀጥሎ የሚገዛው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ የጉሮሮ መከላከያ፣ ከባድ ጓንት፣ ወፍራም የፍልሚያ ጃኬት፣ የክርንና የጉልበት መከላከያ፣ በመጨረሻ ብረቱ። ጓንቱ ከጃኬቱ የቀደመበት ምክንያት አለ። በረጅም ሰይፍ በብዛት የሚጎዳው ጣት ነው፤ እጅ ከአካል ሁሉ ቀድሞ ወደ ባላጋራ ይደርሳል፣ ቀጭኑ መስቀለኛም ጣትን አይሸፍንም። የላክሮስ ወይም የሆኪ ጓንት ለእንጨትና ለዝግታ ይሆናል፣ ለብረት ግን አይሆንም፤ የጣት ጫፍንና አውራ ጣትን ከጎን አይጠብቅም።

ዋጋው እንደ አምራቹ ይለያያል፤ ማስክ 100 ዩሮ አካባቢ፣ የጉሮሮ መከላከያ ከ30 እስከ 50፣ ጓንት ከ150 እስከ 250፣ ጃኬት ከ150 እስከ 300፣ ፌደር ከ200 እስከ 350 ይገመት። ብዙዎቹ አምራቾች በፖላንድ፣ በቼክና በሀንጋሪ ናቸው፤ የብረት ሥራ ሲታዘዝ ወራት ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ከእቁብ የተሻለ መንገድ የለም። ስድስት ሰው በየወሩ 60 ዩሮ ቢጥል 360 ይሆናል፤ ዕጣ የወጣለት ጓንቱንና የጉሮሮ መከላከያውን ይገዛል፤ በስድስት ወር ሁሉም ታጥቋል። ሁሉም መታጠቁ ከገንዘቡ በላይ ይጠቅማል፤ ግማሹ ጓንት ያለው ግማሹ የሌለው ቡድን አብሮ መሥራት አይችልም። ብረት ወደ ኢትዮጵያ ለማስገባት የምታስቡ ከማዘዛችሁ በፊት ጉምሩክን ጠይቁ፤ ዕቃው ደርሶ ከታገደ በኋላ ማስረዳት ይከብዳል።

ፌደር ሲገዛ ጫፉ የታጠፈ ወይም የተጠቀለለ፣ ስለቱ ቢያንስ 2 ሚሊ ሜትር የወፈረ፣ ወደ ጫፉ ሲጫኑት በቀላሉ የሚተጣጠፍ ይሁን። ከተጠቀማችሁ በኋላ ስለቱ ላይ የተነሡትን ሹል ጥርሶች በሞረድ አጥፉ፣ በደረቅ ጨርቅ ላቡን ጥረጉ፣ ዘይት ቀቡ። ጥርሱ ያልጠፋ ስለት ጃኬት ይቀድዳል፣ ቆዳም ይቆርጣል።

ሕጎች

በጽሑፍ ይሁኑ፣ ከአንድ ገጽ አይብለጡ። «ቁም!» ሲባል ሁሉም ይቆማል፣ ጫፍ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ይህን ቃል አዲስ የመጣ እንግዳም ቢሆን የመናገር መብት አለው። ማስክ ባላደረገ ሰው ፊት ጫፍ አይነሣም። ማስኩን ለማውለቅ የፈለገ አስቀድሞ እጁን ያነሣል። ፍጥነት በመካከል አይለወጥም፤ በዝግታ የተጀመረ በዝግታ ያልቃል። የመጨረሻው ከሁሉ በብዛት የሚጣሰው ነው፦ ሊመታ እንደሆነ ያየ ሰው ሳያውቀው በድንገት ይፈጥናል፣ ባልደረባውም ይፈጥናል፣ ከሦስት ልውውጥ በኋላ ያለ ጓንት ሙሉ ግጥሚያ ይሆናል። መሪው ያን ጊዜ ያስቁም።

በረዶ፣ ፋሻና የጣት መደገፊያ የያዘ ሣጥን ይኑር። የአምቡላንስ ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ በአውሮፓ 112፣ በኢትዮጵያ የቀይ መስቀል 907። ራሱን ተመትቶ የዞረበት፣ ያቅለሸለሸው ወይም ራሱን ያመመው ሰው የዚያን ቀን ሥራ አብቅቷል፤ ብቻውን መኪና እየነዳ አይሂድ፣ ሐኪም ይየው።

ሌላም አንድ ሕግ ይግባ፤ ቡድኑ ለሁሉም ዘር፣ ፆታና እምነት ክፍት መሆኑ። የአውሮፓን መካከለኛ ዘመን ለዘረኝነት ምልክትነት የሚፈልጉ ሰዎች አልፎ አልፎ ወደዚህ ጥበብ ይጠጋሉ፤ ብዙ ክለቦችም ይህን በመተዳደሪያቸው ጽፈው ይከለክላሉ። ከመጀመሪያው ቀን ተጽፎ ሲገኝ በኋላ የግል ጠብ አይመስልም። ከጥንታዊ መዛግብቱ ዋና የሆነው፣ በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሠራውና ዛሬ በእንግሊዝ ሊድስ የሚገኘው የሰይፍና የትንሽ ጋሻ መጽሐፍ፣ በመጨረሻ ገጾቹ ዋልፑርጊስ የምትባል ሴት ከአስተማሪው ቄስ ጋር ስትፋለም ያሳያል፤ «ይህ የወንድ ሥራ ነው» ለሚል መልስ የሚሆን ሥዕል ነው።

ስለ ሕጋዊነት አጭር ነገር። በጀርመን የተመዘገበ ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ 7 መሥራች አባላት ያስፈልጋሉ፤ መመዝገቡ የከተማ አዳራሽ ለመጠየቅና የስፖርት መድን ለመግባት መንገድ ይከፍታል። ዱልዱምም ቢሆን ሰይፍ በአደባባይ በእጅ ተይዞ አይሄድም፤ በተቆለፈ ቦርሳ ይጓዝ፣ በባቡር ውስጥ አይከፈት።

ግጥሚያ የሚጀመረው ሁሉም ሲታጠቅ ነው፣ ምናልባት በሰባተኛው ወር። መጀመሪያ በተወሰነ ጨዋታ፦ አንዱ በቁጣ ምት ብቻ ይጀምራል፣ ሌላው የፈለገውን ይመልሳል፤ አምስት ልውውጥ፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። ለእያንዳንዱ ጥንድ አንድ ሰው ቆሞ ሁለቱም በአንድ ጊዜ የተመቱበትን ይቁጠር። ከአሥር ልውውጥ ሦስቱ እንዲያ ከሆነ፣ ሁለቱም ራሳቸውን ሳይሸፍኑ እየገቡ ነው፤ ወደ ዝግታ ይመለሱ። ቁጥሩን በደብተሩ ላይ ጻፉት፤ አሸናፊው ማን እንደሆነ መጻፍ አያስፈልግም።

ለብቻው የቆየ ቡድን እርስ በርሱ ብቻ ይለማመዳል፤ አንዱ ሁልጊዜ ዝቅ ብሎ ስለሚመታ ሁሉም ራሱን መሸፈን ይተዋል። ስለዚህ በየሦስት ወሩ ወደ ቅርብ ክለብ ሂዱ፣ ወይም ከዚያ አንድ ሰው ጥሩ። ውድድር አለ፤ ስዊድን ጎተንበርግ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ስዎርድፊሽ በጣም ከሚታወቁት አንዱ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ግን ለመመልከት እንጂ ለመወዳደር አትሂዱ። ስትሄዱ ደብተራችሁን ያዙ። «አንድም» እያላችሁ ከጻፋችኋቸው ገጾች ያልተፈቱትን ሦስቱን ምረጡ፣ ለእንግዶቹ በቃል ከማስረዳት ይልቅ ሰይፍ ይዛችሁ አሳዩአቸው፣ እነርሱ እንዴት እንደሚሠሩት ጠይቁ። መልሳቸውን በዚያው ምሽት ቀኑን፣ የሞከሩትን ሰዎችና ግፊቱ ጠብቆ ወይም ላልቶ እንደነበር ጽፋችሁ ከሌሎቹ ሥር አስገቡት።